በሬው ቀርቶ ሁለት በግ፦ የልጄ የምርቃት ቅዳሜና እሁድ

ለትልቁ ልጄ ምርቃት በሬ አርደን ነበር። 2011 ዓ.ም. ነው። የቅሬውን (የእድሩን) ድንኳን ተከልን፣ ሁለት መቶ ሰው ጠራን፣ 30 ሺህ ብር ተበደርን። ልጄ ያን ቀን ከረፋድ እስከ ማታ በር ላይ ቆሞ ጉልበት ሲስም፣ ሲታቀፍ፣ ከእያንዳንዱ እንግዳ ጋር ፎቶ ሲነሳ ዋለ። ሰው ተሸኝቶ ካለቀ በኋላ ጓዳ ገባና "እማ፣ እንጀራ ተርፏል?" አለኝ። ቀኑን ሙሉ አንዲት ጉርሻ አፉ አልገባችም።

ብድሩን ከፍለን ለመጨረስ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብን። ልጁ ደግሞ ሥራ እስኪያገኝ ሁለት ዓመት ጠበቀ። ሲቪ ለማተም፣ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ብር ሲጠይቀን እጃችን ባዶ ነበር። ከብሩ በላይ የጎዳው ግን ሌላ ነው። ድግሱን የበላ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኘው "እህ፣ ሥራ ያዝክ?" ይለዋል። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አስቦለት ነው። ልጄ ግን ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ተወ።

ስለዚህ በ2016 የሴቷ ልጄ ተራ ሲደርስ ሌላ ዓይነት እናድርገው አልን። ዘንድሮ ልጅ የምታስመርቁ ካላችሁ እኛ ያየነው ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን ይህ ምርቃት ለእኛ ቤት ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ልጄ የተማረችው ኮምቦልቻ ነው፣ ቴክስታይል ኢንጂነሪንግ። የገባችው በ2012 ነው። የመጀመሪያ ዓመቷን ሳትጨርስ መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ተበተነ። ተመልሳ ገብታ ለመድኩት ስትል ደግሞ በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እኛም እንደ ብዙው የደሴ ሰው ቤታችንን ዘግተን፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በጭነት መኪና፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ልጄ ልብስ እንኳ አልያዘችም። የያዘችው የትምህርት ማስረጃዋ ያለበትን ሰማያዊ ክላሰር ብቻ ነው፣ ከደረቷ ጋር አጣብቃ። ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። የአንደኛ ዓመት ደብተሮቿን ከጓሮ ለቀምናቸው። ከዚያ በኋላ ክረምት የለ፣ እረፍት የለ፣ ሴሚስተሩ እየተጣበበ እየተማረች ነው እዚህ የደረሰችው።

ይህን ሁሉ አልፋ የመጣችን ልጅ "ኑሮው ከብዷል፣ ድግሱ ይቅር" ልበላት? አልቻልኩም። ማለትም የሚገባ አይመስለኝም። ወሎ ውስጥ ደስታ በር ዘግተው የሚበሉት ነገር አይደለም። ጎረቤት በችግራችን ጊዜ አብሮን አልቅሷል፣ በደስታችን ጊዜም አብሮን ሊቀመጥ ይገባዋል። ጥያቄው መደገስ አለመደገስ ሳይሆን ድግሱ ለማን ነው የሚለው ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ከ2015 ጀምሮ ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፍ አይመረቅም። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የአምስት ዓመት ኮርሱን በሙሉ ጥሩ ውጤት ይዞ የጨረሰ ልጅም ያንን ካላለፈ ጋዋን አይለብስም። ይህን እያወቅን ብዙዎቻችን ውጤት ሳይወጣ እንጠራለን፣ ጠላ እንጠምቃለን፣ ባነር እናሠራለን። በ2015 አንድ የማውቀው ቤት የልጁ ፎቶ ያለበት "እንኳን ደስ አለህ" የሚል ትልቅ ባነር ታትሞ ከመጣ በኋላ ልጁ አላለፈም። ባነሩን ጠቅልለው አልጋ ሥር አስገቡት። ልጁ የሚተኛው እዚያው አልጋ ላይ ነው።

እኔ ከውጤቱ በፊት ያደረግኩት ቢቀር ቢቀር ለዘወትር የሚሆነውን ብቻ ነው። በርበሬ አስፈጨሁ፣ ቅቤ አነጠርኩ፣ ጤፍ ገዛሁ። ምርቃት ባይኖርም ይበላላ። እቁብ ነበረኝ፣ እጣዬ የወጣልኝ ግንቦት ላይ ነው። ከጎረቤቴ ጋር ተነጋገርንና ተለዋወጥን። እሷ የግንቦቱን ወሰደች፣ እኔ የሐምሌውን ወሰድኩ። ብሩ በጊዜው እጄ ገባ፣ ሳይበተንም ቆየ። እቁብ ያላችሁ ይህን ከአሁኑ አስቡበት። ብድር ውስጥ ያልገባነው በዚህ ነው።

ቀኑንም አስቡት። ምርቃት አብዛኛውን ጊዜ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። የቤት ድግሱ በመሃል ካልዋለ ግማሹ እንግዳ ሥጋ አይበላም። የሙስሊሞቹ በዓላትና ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያሉ ስለሚመጡ እነሱንም ማየት ነው። የምርቃቱን ቀን እኛ አንወስንም፣ የቤቱን ቀን ግን መወሰን እንችላለን። የግድ በዚያው ቀን ይሁን ያለ የለም።

ውጤቱ የወጣ ዕለት ልጄ ዶርም ነበረች። ስልኩ ጠራ። "እማ አልፌያለሁ" ብላ ዝም አለች። ደስ ያላት ድምፅ አይደለም። "ምነው?" ስላት "ዶርሜ አላለፈችም፣ 47 ነው ያመጣችው" አለችኝ። አምስት ዓመት አንድ ክፍል የኖሩ ናቸው። ከኮሮና በኋላ አብረው ተመልሰው፣ ከጦርነቱ በኋላ አንድ ፍራሽ ላይ አብረው ተኝተው የተማሩ ናቸው። "እሷ ሳትለብስ እኔ ልብስ፣ እኔ ልጨፍር?" አለችኝ። ምን እንደምመልስላት አጣሁ። አብሽሪ ብቻ አልኳት። ወሎ ስታድጉ ይህን ቃል ለሁሉም ነገር ትጠቀሙበታላችሁ፤ አይዞሽም ነው፣ ይነጋልም ነው፣ አብሬሽ ነኝም ነው። የዚያን ቀን ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።

ማታ ባለቤቴ በሬ ዋጋ ጠይቆ መጣ። 70 ሺህ ብር። ለሴቷ ካላረድን ለወንዱ አድልተን ይባላል ብሎ አስቧል። ሰው ምን ይለናል የሚለውም አለበት፣ ያንን አልደብቅም። እኔ ልጅቱን እንጠይቃት አልኩ። ለወንዱ ያላደረግነው ይህን ነው። እሱን ማንም ምን ትፈልጋለህ ብሎ አልጠየቀውም።

ጠየቅናት። ሦስት ነገር አለች። አያቷ፣ የባለቤቴ እናት ማለት ነው፣ አዳራሽ ገብታ እንድታያት። አጎቴ ቤት መጥቶ በቡና እንዲመርቃት። እሁድ ደግሞ ሐይቅ መሄድ፣ ያለ እንግዳ፣ ከዶርሟ ጋር። በቃ። በሬ የሚል ቃል አልተነሳም።

ባለቤቴ ቅር ብሎት ነበር። ነገሩን ያበረደው አጎቴ ነው። ሰማንያ አልፎታል፣ በቤተሰባችን ዘንድ የሱ ቃል ቃል ነው። ቁጭ ብሎ ሁለታችንንም ሰማና "ለወንዱ ያረዳችሁት በሬ አሁን የት አለ?" አለ። ዝም አልን። "ልጁ ግን አለ። ለሚኖረው አስቡ" ብሎ ተነሳ። እንዲህ ሆኖ በሬው ቀረ። ከእቁቡ ብር ውስጥ ወደ 40 ሺህ ለድግሱ መደብን፣ 25 ሺህ በልጄ ስም ባንክ ገባ። ይህ ብር ለሲቪዋ፣ ለትራንስፖርቷ፣ ለስልክ ካርዷ ነው፣ ሥራ እስክታገኝ ማንም አይነካውም ተባባልን።

ሁለት በግ ገዛን። ለምን ሁለት? አጎቴ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። አባቴና እሱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ወሎ ላልሆናችሁ ይህ ሊገርማችሁ ይችላል፣ ለእኛ ግን የቤታችን ወግ ነው። አንዱን በግ የአጎቴ ልጅ ባረከው፣ አንዱን ባለቤቴ ባረከው። ወጡ በሁለት ምድጃ፣ በሁለት ድስት፣ በሁለት ጭልፋ ነው የሚሠራው። የሙስሊሙን ድስት የያዘችው ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ ናት፣ ከእሷ ፈቃድ ውጭ ማንም አይነካውም። የጭልፋ መቀላቀል እንዳይመጣ በሙስሊሙ ድስት ጆሮና ጭልፋ ላይ አረንጓዴ ክር እናስራለን። ይህን ከእናቴ ነው የተማርኩት። የሚያግዙ ልጃገረዶች ሲበዙ ከቃል ይልቅ ክሩ ይሻላል። ዳቦው፣ ቆሎው፣ አይቡና ለስላሳው ለሁሉም አንድ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። የሐምሌ ደሴን የሚያውቅ ያውቀዋል። የጦሳ ተራራ ከነመኖሩም አይታይም፣ ጉሙ ሰፈር ድረስ ወርዷል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ተነሳን። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቅርብ ነው ብሎ ሰው ይዘናጋል። የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ስትወርዱ ግን መኪናው በእግር ከሚሄድ ሰው አይፈጥንም። የምርቃት ቀን ደግሞ የመኪናው ብዛት ሌላ ነው። ከምትገምቱት ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጡ። ሾፌሩን በዋዜማው አነጋግሩ፣ ዋጋውንም መመለሻውን ጨምራችሁ ቁረጡ።

ስለ ልብስም ልንገራችሁ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። ከደሴ ጋቢ ተከናንበን የወጣን ሰዎች ኮምቦልቻ ስንደርስ በላብ ተጠመቅን። አማቴ ከሀበሻ ቀሚሷ ሥር ሹራብ ደርባ ነበር፣ ራሷን ልትስት ምንም አልቀራት። ለሽማግሌ የሚወልቅ ልብስ አልብሱ። ውሃና ዳቦ በእጃችሁ ይኑር፣ ወረፋው ረጅም ነው። መታወቂያም እንዳትረሱ፣ ያለሱ በር ላይ ትቀራላችሁ።

የመግቢያ ካርዱ ያን ጊዜ ለአንድ ተመራቂ ሁለት ነበር። አዳራሹ ከዚያ በላይ አይችልም። ሰዉ በዚህ ይጣላል። እናት፣ አባት፣ ያስተማረ አጎት፣ ያሳደገች አክስት፣ ማን ይግባ? እኛ ከሳምንት በፊት ጨርሰነው ነበር። አያቷ ትገባለች፣ እሷን የሚደግፍ አባቷ ይገባል። እኔ ውጭ እቀራለሁ። ልጄ "እማ፣ አንቺስ?" ብላኝ ነበር። እኔ ድምፁን እሰማለሁ አልኳት። ይህን ውሳኔ በር ላይ አትወስኑት። በር ላይ የተወሰነ ነገር ሰው ያስቀይማል።

አጥሩ ሥር ብዙ እናቶች ነበርን። ካፊያው ጀመረና አንዲት ሴትዮ ከፕላስቲኬ ሥር ተጠጋችኝ። ከሳይንት ናት፣ ሁለት ቀን በመኪና ተጉዛ ነው የደረሰችው። ቀሚሷ ንጹህ ነጭ ነው፣ ጫማዋ ግን ጭቃ ጠግቧል። ሁለቱን ካርድ ለባሏና ለትልቁ ልጇ ሰጥታ እሷ ውጭ ቀርታለች። ትልቁ ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ፣ በግ እየነገደ ታናሹን ያስተማረ ነው። "እሱ ካላየው ማን ሊያይ ነው?" አለችኝ።

ከውስጥ በድምፅ ማጉያው ዲፓርትመንቶቹ አንድ በአንድ መጠራት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሲጠራ ሴትዮዋ እልል አለች። ሁለተኛው ሲጠራ እልል አለች። ሦስተኛውም ላይ እንደዚያው። "ልጅሽ የትኛው ነው?" አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "እታለም፣ የትምህርቱ ስም አፌ ላይ አይቆምልኝም" አለች። "እንዳያልፈኝ ለሁሉም እላለሁ። ደግሞስ የማን ልጅ ልጅ አይደለም?"

ከዚያ "ቴክስታይል ኢንጂነሪንግ" የሚል ሰማሁ። ያንን ቃል አምስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ጥቅምት 2014ን አስታወስኩ፣ ያንን ሰማያዊ ክላሰር። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣኝም። ጉሮሮዬ ተዘጋ። የሳይንቷ ሴትዮ አየችኝ፣ ገባት። ክንዴን ያዘችና እስከዛሬ ካለችው ሁሉ አስረዝማ እልልልል አለችልኝ። የልጄን እልልታ ያለችላት እሷ ናት።

የልጇ ትምህርት ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ መሆኑን በኋላ ልጁ ሲወጣ ነው ያወቅነው። አላመለጣትም፣ ለእሱም ብላለች። ከገጠር ለሚመጣ ወላጅ ግን የልጁን ዲፓርትመንት ስም በወረቀት ጽፋችሁ እጁ ላይ አስይዙት፣ አጠገቡ ያለ ሰው ያነብለታል። የልጁን ስልክም በዚያው ላይ ጻፉ። ያን ቀን ኔትወርኩ ተጨናንቆ ሰው ከሰው መገናኘት አቅቶት ነበር። እኛ ከበሩ በስተግራ ያለው ትልቁ ዛፍ ሥር ብለን ቀድመን ስለተቀጣጠርን ነው ሳንጠፋፋ የተገናኘነው።

ልጄ ስትወጣ የጋዋኗ ጫፍ ጭቃ ነክቶታል። የኪራይ ነው፣ ማስያዣ አለው። እኔ ስለ ማስያዣው ሳስብ አማቴ ጎንበስ አለች። ጉልበቷ አያስጎነብሳትም እኮ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በመቋሚያ ነው የምትቆመው። አዲሱን ነጠላዋን ጠቅለል አድርጋ የጋዋኑን ጫፍ ትጠርግ ጀመር። ልጄ "እማማ ተይው፣ ነጠላሽ!" ትላለች። "ነጠላማ ይታጠባል" አለቻት። ቀይ ጭቃው ጥለቱ ላይ ቀረ። ታጥቦም በደንብ አልለቀቀም። አሁንም ያንኑ ነጠላ ትለብሰዋለች።

ፎቶ ላይ ብዙ አልልም። ለወንዱ ምርቃት ቀብድ የከፈልነው ፎቶ አንሺ ፎቶውን ሳይሰጠን ቀርቷል። ስለዚህ ታናሽ ወንድሟን አንተ በስልክህ አንሳ አልነው። ዋና ዋናውን ካነሳ በኋላ ነው ወደ ባለሙያው የሄድነው። አያት ያላችሁ መጀመሪያ ከአያት ጋር ተነሱ፣ ሳይደክማቸው።

የሳይንቷን ሴትዮና ቤተሰቧን ማደሪያችሁ የት ነው ብለን ስንጠይቅ መልስ አልነበራቸውም። መናኸሪያ አካባቢ እንፈልጋለን አሉ። በምርቃት ሰሞን ኮምቦልቻ አልጋ ይገኛል? ከተገኘም ዋጋው አይቀመስም። ሚኒባሱ ውስጥ ተጨናንቀን ይዘናቸው ወደ ደሴ ወጣን። ከሩቅ የምትመጡ ካላችሁ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ ወይ ዘመድ አፈላልጉ። ቤት ያላችሁ ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ፍራሽ አትርፉ።

ማታ ቤታችን የነበረው ሰው ሠላሳ አይሞላም። ሁሉም ተቀምጦ በላ። ልጄም ተቀምጣ በላች፣ ከመሃል፣ ከግራም ከቀኝም ሰው እያጎረሳት። በር ላይ ቆሞ እንግዳ የተቀበለው ታላቅ ወንድሟ ነው። "እኔ በቆምኩበት አንቺ አትቆሚም" ብሏት ነበር ጠዋት።

ከዚያ ቡናው ቀረበ። ቄጠማው፣ እጣኑ፣ ለአጎቴ ደግሞ አድሩስ የሚባለው እጣን። ፈንድሻው በልጄ ራስ ላይ ተበተነ። አቦሉ ሲወርድ ጎረቤቴ የመጀመሪያውን ስኒ በሁለት እጇ ይዛ "ጀባ" አለች። "ጀባ" አልን። የነፍስ አባታችን ቀደም ብለው መጥተው ጸሎት አድርሰው ነበር። አጎቴ ተነሳ። መዳፉን ዘረጋ፣ እኛም ዘረጋን።

"የያዝሽው ይባረክ።"

"አሚን!" "አሜን!" ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚወጣው በኛ ቤት።

"የረገጥሽው ይለምልም። የተማርሽው ላስተማረሽ ይድረስ። እጅሽ ለመስጠት እንጂ ለመለመን አይዘርጋ። ያላለፈላትን ጓደኛሽን አላህ ያሳልፍላት። በየመንገዱ የቀሩትን ልጆች ወደየእናታቸው ይመልስ።"

እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ብዙ ቤት ያልተመለሰ ልጅ አለ፣ እዚያ ከተቀመጥነውም ውስጥ። ማንም ምንም አላለም። ሁለተኛው ጀበና እስኪጣድ እንዲሁ ቆየን።

ከተቀመጠ በኋላ አንድ ነገር ጨመረ፣ እኔ ጠይቄው ነው። "ልጅቱን ሥራ ያዝሽ ወይ እያላችሁ አትጠይቋት" አለ። "ስትይዝ ቡና አፍልታ ትነግራችኋለች። ሥራ እንዳለ የሰማ ግን መጥቶ ይንገራት።" ሰው ሳቀ፣ ግን ሰማው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት አንድም የሠፈር ሰው ያንን ጥያቄ አልጠየቃትም። ሦስት ሰው ግን የሥራ ማስታወቂያ ይዞ ቤታችን መጥቷል። ከምክሬ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። በሠፈራችሁ ቃሉ የሚሰማ ሽማግሌ ፈልጉና ይህን አስነግሩ።

እጇ ላይ ብር ያስያዟት ሰዎች ነበሩ። ማን ስንት እንደሰጠ ልጄ ራሷ በደብተር ጻፈችው። ብድር ነው፣ ነገ የሰው ልጅ ሲመረቅ ይመለሳል። ያ ደብተር አሁንም አለ።

እሁድ ጠዋት ዶርሟ መጣች። መምጣቷ ቀላል አልነበረም። ልጄ ዓርብ ማታ ዶርም አብራት አድራ ነው ያግባባቻት፣ እኔም ለእናቷ ደውዬ ነበር። ቅዳሜ ነይ አላልናትም። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ በሚልበት ቤት ተቀምጣ ምን ትሁን? እንዳላለፈች ለማንም አልተናገርንም። እኔም ስትመጣ ለበጎ ነው አላልኳትም። ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ለበጎ ነው የሚባል ሰው ብቻውን እንደቀረ ነው የሚሰማው። ቁርስ በላሽ ወይ አልኳት።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን ሐይቅ ወረድን። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ውሃው ዳር ተቀምጠን አሳ በላን። ባለቤቴ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም እያሳየ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩት እዚያ እንደነበር ይነግራቸዋል። "ያኔም ተማሪው ከሩቅ አገር በእግሩ እየመጣ ነው የተማረ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ" ይላል። ልጆቹ ሰሙትም አልሰሙትም። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ከተው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ነበር። አንድ ጊዜ ዶርሟ ስትስቅ ሰማኋት። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። የምርቃቱን ደስታ ልጄ ፊት ላይ ያየሁት ያኔ ነው፣ ቅዳሜ አይደለም።

ፈተናው በዓመቱ አጋማሽ ድጋሚ ይሰጣል። ልጄ የራሷን ማስታወሻዎች ሰጥታት፣ ማታ ማታ በስልክ አብረው እየሠሩ፣ ዶርሟ በድጋሚው አለፈች።

ሰኞ ደግሞ ወረቀት ነው። ከድግሱ ማግስት ብዙ ተመራቂ ደክሞት ወይ ወደ አገሩ ቸኩሎ ሳይጨርስ ይሄዳል፣ በኋላ ለአንድ ፊርማ ሁለት ቀን መንገድ ይመለሳል። ክሊራንሱን ጨርሱ፣ ቴምፖውን (ጊዜያዊ ማስረጃውን) ያዙ፣ የስማችሁን አጻጻፍ በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ከመታወቂያችሁ ጋር እያመሳከራችሁ እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። አንዲት ፊደል ስትሳሳት ለማስተካከል ወራት ይወስዳል። ዋናው ዲግሪ የሚሰጠው ኮስት ሼሪንጉ (ተማሪው የሚጋራው የትምህርት ወጪ) ሲከፈል ነው። ሥራ ሲያዝ ከደመወዝ በየወሩ እየተቆረጠ መክፈል ይቻላል። ቴምፖው ግን ሥራ ለማመልከት ይበቃል። ኮፒውን አብዙት፣ ፎቶ አንስታችሁም ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡት። እኛ ወረቀት እንዴት እንደሚጠፋ አይተናል።

ልጄ ሥራ የያዘችው መጋቢት ላይ ነው። ስምንት ወር መሆኑ ነው። ያስቀመጥንላት ብር ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው። ቡናውን አፍልታ ለሠፈሩ የነገረችው ራሷ ናት።

የሳይንቷ ሴትዮ እስከ ዛሬ ትደውላለች። ባለፈው የደወለች ቀን ገና ሰላም ሳንባባል "ቆይ፣ አንዴ ስሚኝ" አለችኝ። ትንፋሿን ሰበሰበች። "ኢን-ዱስ-ትሪ-ያል" አለች። ከኋላዋ የልጇ ሳቅ ይሰማል። ያኔ አጥሩ ሥር ያልወጣኝን እልልታ ስልኩ ላይ አልኩላት።